ሜሪ ፖፒንስን አስፈሪ ማድረግ፦ የአንድ ትሬለር ጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. በ2006 ክሪስቶፈር ሩል «ስኬሪ ሜሪ» የሚል ስም የሰጠውን፣ አንድ ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ የፌዝ ትሬለር (የፊልም ማስተዋወቂያ ቪዲዮ) ዩቲዩብ ላይ አወጣ። ጥሬ ዕቃው የዋልት ዲዝኒ የ1964ቱ «ሜሪ ፖፒንስ» ነው። ጁሊ አንድሩስ በጃንጥላ ከሰማይ የምትወርድ ሞግዚት ሆና የምትተውንበት፣ ዘፈንና ጭፈራ የሞላበት፣ 139 ደቂቃ የሚረዝም የቤተሰብ ፊልም። ቪዲዮው የተሠራው ከዚያው ፊልም በተቆራረጡ ምስሎች ነው። «ልጆቻችሁን ደብቁ» የሚለው ጽሑፍ ብቅ ሲል ግን ፊልሙን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው እንኳ ያችን ሞግዚት መጠርጠር ይጀምራል።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኒውዮርክ ውስጥ ረዳት ኤዲተር የነበረው ሮበርት ራያንግ ተቃራኒውን ሠርቶ ነበር። ለረዳት ኤዲተሮች በተዘጋጀ ውድድር የስታንሊ ኩብሪክን «ዘ ሻይኒንግ» ወስዶ አባትና ልጅ የሚቀራረቡበት ሞቅ ያለ የቤተሰብ ፊልም አስመሰለው፤ አሸነፈም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ኤዲተር አንድ ነገር ያስተውላል። ራያንግ አስፈሪውን አስደሳች ለማድረግ የተራኪ ድምፅና የፒተር ገብርኤልን ዘፈን መጨመር ነበረበት። ከደስታ ወደ ፍርሃት ሲኬድ ግን አብዛኛው ሥራ መቀነስ ነው።

ምን ይቀነሳል? በ«ሜሪ ፖፒንስ» ውስጥ ከተፈጥሮ ሕግ የወጣ ነገር በየደቂቃው ይከሰታል። የተቀደደ ደብዳቤ በጭስ ማውጫ ሽቅብ ይበራል፣ መሳቢያ በራሱ ይዘጋል፣ በመስታወት ውስጥ ያለችው ሴት ፊት ለፊቷ ከቆመችው ተለይታ ትዘፍናለች፣ ሕፃን ልጅ በምድጃ በኩል ወደ ላይ ተስቦ ይጠፋል። ታሪኩ ብቻ በጽሑፍ ቢሰጠን የሙት መንፈስ ታሪክ ነው የምንለው። የማንፈራው ከእያንዳንዱ ተአምር በኋላ ፊልሙ መልስ ስለሚሰጠን ነው፤ ልጁ ይስቃል፣ ኦርኬስትራው ይፈነድቃል፣ አንድ ሰው ቀልድ ይናገራል። መልሱን ቆርጦ ጥያቄውን ብቻ መተው፣ የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ይህ ነው። ከለሩም ሙዚቃውም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

በአንድ ትዕይንት ላይ በቅርበት እንየው። ለሞግዚትነት የመጡ ጥቁር ለባሽ ሴቶች በር ላይ ተሰልፈው ሳለ ኃይለኛ ነፋስ ተነስቶ ጠራርጎ ይወስዳቸዋል። የቤቱ ልጆች ጄንና ማይክል ከመኝታ ክፍላቸው መስኮት ሆነው ያያሉ። ከዚያ ጃንጥላ የያዘች ሴት ከሰማይ ስትወርድ ያያሉ። ማይክል ምናልባት ጠንቋይ ትሆናለች ይላል። ጄን ወዲያው ጠንቋዮች መጥረጊያ ነው የሚይዙት ብላ ታርመዋለች፣ ሳቅ ይመጣል፣ ጉዳዩ ይዘጋል። ትሬለሩ የሚፈልገው የማይክልን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ካቱ፣ ማለትም ወደ ሌላ ምስል የሚቆረጥበት ቦታ፣ የሚገባው «ጠንቋይ» የሚለው ቃል የመጨረሻ ድምፅ ካለቀ ከ4 እስከ 6 ፍሬም (በሰከንድ 24 ከሚያልፉት ነጠላ ምስሎች) በኋላ፣ ጄን አፏን ከመክፈቷ በፊት ነው። በቀጥታ ወደምትወርደው ሴት ከተቆረጠ ተመልካቹ የልጁን ግምት እንደ እውነት ይወስደዋል። 10 ፍሬም ቢዘገይ የጄን ፊት መንቀሳቀስ ይጀምርና መልስ እንዳለ ዓይን ይይዘዋል።

አባትየው ሚስተር ባንክስም ለዚሁ ዓይነት አቆራረጥ ይመቻል። ቀዶ እሳት ምድጃ ውስጥ የጣለውን የልጆቹን ማስታወቂያ ሞግዚቷ ተጠግኖ በእጇ ይዛ ስትቀርብ፣ እኔ እኮ ቀድጄዋለሁ እያለ ይንተባተባል። እሷ አመመዎት እንዴ ብላ ትመልስለታለች። የእሱን መንተባተብ ከወሰድን፣ የእሷን መልስ ካስቀረንና በቦታው ዝም ብላ የምታይበትን 2 ሰከንድ ካስገባን፣ ኮሜዲ የነበረው ንግግር ማስረጃ ይሆናል።

የሩሲያው ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ያሳየው ይህንኑ ነው። ያው አንድ ፊት ከሾርባ፣ ከሬሳ ሳጥንና ከሴት ጋር ተራ በተራ ሲገጣጠም ተመልካቹ በየጊዜው ሌላ ስሜት ያነብበታል። የጁሊ አንድሩስ ፊት ደግሞ ለዚህ እጅግ ይመቻል፤ ገጸ ባሕርይዋ በተፈጥሮዋ ስሜቷን የማታሳይ፣ ቀጥ ያለች፣ ጥያቄ የማትመልስ ሴት ናትና።

ጥሬ ዕቃውን መልቀም

እንዲህ ያለ የ80 ሰከንድ ትሬለር ለመሥራት ፊልሙ ሁለት ጊዜ ይታያል። አንዴ ድምፁ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ፣ አንዴ ደግሞ ምስሉ ተሸፍኖ ድምፁ ብቻ። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ኤዲተር በዘፈኑ ይታለላል፣ ጥሩ ጥሩውን ሾትም (በሁለት ካት መካከል ያለውን ምስል) ያልፈዋል። ሲታይ ለእያንዳንዱ ጠቃሚ ሾት ታይምኮዱ (ፊልሙ ውስጥ ያለበት ሰዓት)፣ ፊቱ ወዴት እንደሚያይ፣ አፉ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ካሜራው መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱና ከሥሩ ሙዚቃ መኖር አለመኖሩ ይመዘገባል። የአፉ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ዘፈን በሞላበት ፊልም ግን ከምንም በላይ ሾት የሚያስጥለው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ 45 ያህል ሾት የሚገባ ከሆነ ቢያንስ 150 መልቀም ያስፈልጋል።

ከዚህ ፊልም የሚለቀሙት በአራት ዓይነት ይከፈላሉ። አንደኛው ባዶ ቦታና አየር ነው፦ ምሽት ላይ ከላይ የሚታየው ለንደን፣ ደመና፣ የነፋስ አመልካቹ ሲዞር፣ የሌሊቱ ጣሪያና ጭስ። ሁለተኛው ሰው ሳይነካው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ የልጆቹ ክፍል ጽዳት ትዕይንት ብቻውን ከበቂ በላይ ይሰጣል። በተለይ መጨረሻው ላይ ነገሩ ሁሉ ከቁጥጥር ውጪ ሆኖ ማይክል ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሲታፈን። ሦስተኛው የፈራ ፊት ነው። ይህ ከየትም ይልቅ በብዛት የሚገኘው ልጆቹ ከባንኩ ሸሽተው በጨለማ መንገዶች ሲሮጡ ነው። አንዲት አሮጊት ልደብቃችሁ ብላ ትይዛቸዋለች፣ ውሻ ይጮህባቸዋል፣ ፊቱ በጥቀርሻ የጠቆረ ሰው ይጨብጣቸዋል። ጥቀርሻ የለበሰው የሜሪ ወዳጅ፣ ደጉ በርት ነው። ፊልሙ ይህን የሚነግረን ግን ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ስለሆነ ትሬለሩ እዚያ አይደርስም።

አራተኛው መዘዝ ነው፤ ውጤቱ የሚታይ፣ ምክንያቱ የተቆረጠ። ጎረቤታቸው አድሚራል ቡም በሰዓቱ መድፍ ይተኩሳል፤ የባንክስ ቤት ይናወጣል፣ ቤተሰቡ የአበባ ማስቀመጫና ዕቃ ለመያዝ ይሯሯጣል። መድፉንና አድሚራሉን ብናወጣቸው የቀረው በምሽት ያለ ምክንያት የሚንቀጠቀጥ ቤትና እንዲህ መሆኑን የለመዱ ሰዎች ናቸው። ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ የመልመድ ነገር ነው። ሠራተኞቹ አይደነግጡም፤ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

የካርቱን ፔንግዊኖቹና የተሳለው ዓለም አይጠቅሙም፤ ጊዜ ማባከን ነው። የቀጥታ ምስሉን ከሥዕሉ ጋር ያዋሃዱት በሶዲየም መብራት ቢጫ ብርሃን ነው። ለዘመኑ እጹብ ድንቅ ቴክኒክ ነበር፣ ፊልሙም በልዩ ምስል ጥበብ ኦስካር አግኝቶበታል። ከለሩ ሲጨልም ግን ካርቱኑ ካርቱንነቱ ይብሳል። በነገራችን ላይ ይኸው ፊልም በኤዲቲንግም ኦስካር አለው፤ ኤዲተሩ ኮተን ዋርበርተን ነበር። ካቶቹ ንጹሕ ስለሆኑ ለአዲሱ ሥራ እንደ ስጦታ ነው። አንድ ድርጊት ከማለቁ በፊት ወደ ሌላው አይዘሉም፣ ሾቶቹ መጀመሪያና መጨረሻቸው ላይ ትንፋሽ አላቸው።

ስለ ፋይሉ ራሱ ጥቂት። በ2006 የነበረው ዲቪዲ ነው። የአሜሪካው ዲቪዲ በሰከንድ 29.97 ፍሬም ሲሆን ፊልሙ የተቀረጸው በ24 ነው። የተጨመሩት ፍሬሞች ሳይወጡ ኤዲት ከተደረገ በየካቱ ጫፍ ላይ ግማሽ ከዚህ ግማሽ ከዚያ የሆነ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተቆራረጠ ፍሬም ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ 23.976 መመለስ ግድ ነው። የአውሮፓው ዲቪዲ በ25 ይሄዳል፤ ፊልሙ ወደ 133 ደቂቃ ያጥርና የሰው ድምፅ በ4 በመቶ ያህል ይቀጥናል። ከአውሮፓው ኮፒ የሚሠራ ሰው ፍጥነቱን ወደ 96 በመቶ መልሶ መጀመር አለበት። ዛሬ ብሉ ሬይው ስላለ ይህ ጣጣ የለም፣ 1920 በ1080 ፒክሰል የሆነውን ምስል እስከ 115 በመቶ ማጉላትም ይቻላል። ማጉላቱ የሚያስፈልገው ሾቱን በ3 ሰከንድ ውስጥ ከ100 ወደ 106 በመቶ ቀስ አድርጎ ለማስጠጋት ነው። ዓይን ሳያስተውለው ጭንቀት ይፈጥራል።

ንግግሩን ከሙዚቃው መነጠል

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሙከራ የሚሞተው። በሸርማን ወንድማማቾች ዜማ የተሞላ ፊልም ስለሆነ ከንግግሩ ሥር ሙዚቃ አለ፤ ከአስፈሪው ድምፅ ሥር ደስተኛ ዋሽንት ከሰማህ ነገሩ አበቃ። በባለ 5.1 ድምፅ (ስድስት ቻናል ባለው) ዲቪዲና ብሉ ሬይ ላይ ንግግሩ በአብዛኛው በመሃለኛው ቻናል ይቀመጣል፣ ሙዚቃው በግራና በቀኝ ይሰፋል። መሃለኛውን ብቻ አውጥቶ ሌሎቹን አምስቱን መጣል ግማሹን ችግር ይፈታል። ዛሬ ንግግርን ከሙዚቃ የሚለዩ ፕሮግራሞች ስላሉ ቀሪውን ለእነሱ መስጠት ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ግን እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ መጀመሪያ መሃለኛው ቻናል፣ ከዚያ መለያው። ሙሉውን ድምፅ ለመለያው የሰጠ ሰው ጫፍ ጫፉ የተበላ፣ ከውኃ ሥር የሚወጣ የመሰለ ንግግር ያገኛል።

የተነጠለ ንግግር ደረቅ ነው፤ የክፍሉ ድባብ አብሮት ተቆርጧል። ከዚያው ትዕይንት ሰው የማይናገርባቸውን ከ10 እስከ 15 ፍሬም የሚረዝሙ ቦታዎች ለቅሞ፣ ሦስት የተለያየ ርዝመት ያላቸውን እያጋጠሙ ከሥሩ ማንጠፍ ያስፈልጋል። አንዱን ቁራጭ ብቻ መደጋገም ጆሮ የሚይዘው ምት ይፈጥራል።

ለ80 ሰከንድ ትሬለር አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ ሰባት በዛ። የበርት ስለ ምሥራቅ ነፋስና ስለሚመጣ ጭጋግ የሚናገረው ግጥም መክፈቻ ይሆናል። ፊልሙ ውስጥም ሲናገረው ከጭፈራው ድንገት ፈዝዞ ነውና ማንም ያልነካው የአስፈሪ ፊልም መግቢያ ነው። ከዚያ የማይክል ጠንቋይ፣ የአባትየው መንተባተብ፣ ነፋሱ እስኪለወጥ እቆያለሁ የሚለው የሜሪ መልስ፣ በመጨረሻም ከጨለማው መንገድ የልጆቹ ጩኸት።

ተናጋሪው አፉ ሲንቀሳቀስ ማሳየት አያስፈልግም፤ ባይታይ ይመረጣል። የሜሪ ድምፅ በጄን ዝም ያለ ፊት ላይ ሲያርፍ ዛቻ ይሆናል፤ በራሷ በሜሪ ፊት ላይ ሲያርፍ የሞግዚት መልስ ሆኖ ይቀራል።

የ80 ሰከንዱ አካፋፈል

ከ0 እስከ 6 ሰከንድ ጥቁር ስክሪን፣ ነፋስ፣ የበርት ድምፅ፤ ደመናው ግጥሙ ሲያልቅ ይገለጣል። ከ6 እስከ 22 የቤቱ ሰላም፣ ልጆቹና ደብዳቤው። ይህ ክፍል ከለሩ ሊቀዘቅዝ አይገባም፤ ጀማሪ የሚሳሳተው ከመጀመሪያው ፍሬም ሁሉን አጨልሞ መውደቂያ ከፍታ ስለሚያሳጣ ነው። የደብዳቤው ቁርጥራጭ በጭስ ማውጫው ሲወጣ ሰላሙ ይሰነጠቃል። ከ22 እስከ 40 መምጣቷ፤ እዚህ ፊቷ አይታይም። ጃንጥላ፣ ጫማ፣ ከጀርባ፣ በርቀት። ፊቷ የሚታየው 40ኛው ሰከንድ ላይ፣ ሙሉ ዝምታ ውስጥ ነው። ከ40 እስከ 58 ያልተለመዱት ነገሮች እያንዳንዳቸው ከ2 እስከ 3 ሰከንድ እየወሰዱ፣ በየመካከላቸው ከ8 እስከ 12 ፍሬም ጥቁር እየገባ ይሄዳሉ። መስታወቱ እዚህ ነው፤ እሷ አፏን ዘግታ ምስሏ ደግሞ እያያት ያለበት ቅጽበት አጭር ቢሆንም አለ፤ ከዘፈኑ በፊትና በኋላ ያለውን ጫፍ መፈለግ ነው።

ከ58 እስከ 70 ፍጥነቱ ይጨምራል። 12 ሰከንድ ማለት 288 ፍሬም ነው። አራት ሾት በ24 ፍሬም፣ ስምንት በ12፣ አሥራ ስድስት በ6፤ በድምሩ 28 ሾት፣ እያንዳንዱ እርከን 96 ፍሬም። በ6 ፍሬም የሚገቡት አንድ ነገር ብቻ ያለባቸው መሆን አለባቸው፤ አንድ እጅ፣ አንድ ዓይን፣ አንድ በር። ሁለት ሰው ያለበትን ሾት በሩብ ሰከንድ ማንም አያነብበውም፣ አንዱ እንደዚያ የሆነ ሾት ሲገባ ፍጥነቱ ወደ ግርግር ይለወጣል። እንቅስቃሴውም አቅጣጫ ይጠብቃል። ተከታታይ ሦስት ሾት ወደ ቀኝ ከሄዱ አራተኛው ወደ ግራ ሲመጣ ግጭት ይሰማል፤ በየሾቱ አቅጣጫ ከተቀየረ ግጭቱ ይደነዝዛል።

70ኛው ላይ ሁሉም ይቆማል። 2 ሰከንድ ጥቁርና ፍጹም ዝምታ፤ 1 ሰከንድ ያንሳል፣ 3 ሰከንድ ተመልካቹ ያለቀ ይመስለዋል። ከዚያ እስከ 74 የመጨረሻው ምት፤ ለዚህ ፊልም የማይክል በጭስ ማውጫው ተስቦ መጥፋት። ለቀሪው 6 ሰከንድ ርዕሱ።

ምስልና ከለር

ፊልሙ በሙሉ የተቀረጸው ካሊፎርኒያ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ከየአቅጣጫው በበራ መብራት ነው። ግድግዳው ላይ ጥላ የለም። ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት) ወደ 45 በመቶ አውርዶ ጥላውን ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ መግፋት ብቻውን የደበዘዘ ሙዚቃዊ ፊልም ያወጣል። ዋናው ሥራ ጥላ መፍጠር ነው። በዳቪንቺ ሪዞልቭም ሆነ በሌላ ፕሮግራም ፊቱን በሞላላ ቅርጽ ከብቦ ከውጪ ያለውን አንድ ስቶፕ ያህል፣ ማለትም ብርሃኑን በግማሽ፣ ማጨለም፣ ጠርዙን በሰፊው ማለስለስ፣ ሰውዬው ሲንቀሳቀስ ቅርጹ እንዲከተለው ትራክ ማድረግ። የቆዳ ቀለም ግን ከሌላው በ10 በመቶ ሞቅ ብሎ ይቅር፤ ሁሉም ሬሳ ከመሰለ ማን ተጠቂ ማን አስፈሪ እንደሆነ አይለይም። ሜሪን ብቻ ነው ቀዝቀዝ የምናደርጋት።

ምስሉን ወደ ሰፊ ቅርጽ ማጥበብም ይረዳል። ስፋቱ የቁመቱ 2.39 እጥፍ የሆነ ቅርጽ ለማግኘት ከላይና ከታች 138 ፒክሰል ገደማ ይሸፈናል። ይህ የጣሪያውን ብሩህነትና የወለሉን ምንጣፍ ይደብቃል፣ ለክፈፉም ነፃነት ይሰጣል። የሜሪ ባርኔጣ ግን ስለሚቆረጥ እያንዳንዱ ሾት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በእጅ መስተካከል አለበት።

ፈገግታ ሌላው ራስ ምታት ነው። ዘዴው ፈገግታው ከመጀመሩ በፊት መውጣት፣ አልያም ፈገግታውን በመጨረሻው ጫፉ ላይ፣ መነሻው ሳይታይ መግባት ነው። ምክንያቱ ያልታየ ፈገግታ ያስፈራል። ሾቱ አጭር ሆኖ ማርዘም ካስፈለገ ወደ 50 በመቶ ፍጥነት መውረድ ከ70 በመቶ ይሻላል። በ50 እያንዳንዱ ፍሬም እኩል ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ በ70 አንዳንዱ ይደገማል አንዳንዱ አይደገምም፣ እንቅስቃሴውም ያነክሳል። መካከለኛ ፍሬሞችን የሚፈጥረው አውቶማቲክ ዘዴ ደግሞ በጃንጥላ ጫፍና በፀጉር ዙሪያ ምስሉን እንደ ፈሳሽ ያጣምመዋል። ዓይኑን ለለመደ ኤዲተር ወዲያው ይታወቃል።

የጨለመ ሰማይና ጭጋግ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ወደ ደረጃ ደረጃ ቀለም ይሰበራል። ከመጫኑ በፊት በሙሉው ምስል ላይ ቀላል የፊልም ብናኝ መጨመር ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ከተለያየ ቦታ የመጡትን ሾቶችም አንድ ቤተሰብ ያደርጋቸዋል።

ድምፁ

ትሬለሩን ዓይን ጨፍኖ ሲሰሙት የማያስፈራ ከሆነ ምስሉን ማየት አያስፈልግም፣ አያስፈራም። መሠረቱ ሳያቋርጥ የሚጎተት፣ ከ40 እስከ 60 ኸርትዝ ያለ ዝቅተኛ ድምፅ ነው። አብዛኛው ተመልካች ግን በስልክ ነው የሚያየው፣ የስልክ ስፒከር ደግሞ ያንን ጨርሶ አያወጣውም። ስለዚህ በዚያው ድምፅ ላይ ትንሽ መሻከር ተጨምሮ ከ150 እስከ 300 ኸርትዝ ያሉ ተከታዮቹ እንዲወጡ ይደረጋል። በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሠራ ሰው በስልክ ሲከፍተው ባዶ ዝምታ ይጠብቀዋል።

ፊልሙ ራሱ ያቀረበውን ድምፅ መጠቀም ከተዘጋጀ የድምፅ ስብስብ ከመውሰድ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ምስሉ ጋር ያለው ዝምድና ይሰማል። የአድሚራሉ መድፍ ከምስሉ ተነጥሎ ዋናው መምቻ (አስደንጋጭ ድምፅ) ይሆናል። አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም 12 ሰሚቶን ሲወርድ የሩቅ በር መዘጋት ይመስላል። ሳቁን መግታት የማይችለው የሜሪ አጎት የአልበርት ሳቅ ምንም ሳይነካ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ በርቀት ከተቀመጠ በቂ ነው። ድምፁን አውርዶ ግልጽ የዲያብሎስ ሳቅ ማድረግ ነገሩን ወደ ቀልድ ይመልሰዋል። ሜሪ ልጆቹን እንዳትተኙ እያለች የምትዘፍነው እሹሩሩ ደግሞ ግጥሙም ዜማውም የተዘጋጀ ነው። መሃለኛው ቻናል ላይ ካለው ድምጿ ሁለት ሐረግ ወስዶ የትልቅ ባዶ አዳራሽ ማስተጋቢያ መጨመር ነው የሚቀረው። ከሁለት ሐረግ በላይ ከሄደ ተመልካቹ ዘፈኑን ያስታውስና ይሞቀዋል።

ወደ አንድ ቃል የሚስብ፣ ከኋላ የሚመጣ ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ አሠራሩ ይህ ነው። ቃሉን መገልበጥ፣ በተገለበጠው ላይ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ የሚቆይ ማስተጋቢያ መጨመር፣ ውጤቱን እንደ አዲስ ፋይል ማውጣት፣ እሱን መልሶ መገልበጥና ከዋናው ቃል ፊት ማስገጠም። ማስተጋባቱ ከቃሉ ይቀድማል፤ ጆሮ ደግሞ ይህን በተፈጥሮ ሰምቶት አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ስም።

መምቻዎች ከሦስት ባይበልጡ ይመከራል። እያንዳንዱ ከዙሪያው ድምፅ በ10 ዴሲቤል ያህል መጉላት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ዙሪያው አስቀድሞ ዝቅ ማለት አለበት። ድምፁ ከካቱ 1 ወይም 2 ፍሬም ቀድሞ ሲገባ ሰውነት ከዓይን በፊት ይደነግጣል። ሁሉንም በመጭመቂያ (ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ በሚያቀራርብ መሣሪያ) አጩሆ እኩል ያደረገ ሰው ዩቲዩብ ወደ 14 ሉፍስ (የአማካይ ድምፅ ጉላት መለኪያ) ከዜሮ በታች ሲያወርድለት ጠፍጣፋ ጩኸት ይቀርለታል። ጠቅላላው እዚያው አካባቢ ቢያርፍና ከፍተኛው ጫፍ 1 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ቢቆም ጥሩ ነው።

ሲበላሽ የሚበላሸው

ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ጥቅሻ ነው፤ ኤዲተሩ ተመልካቹ እንዲስቅ ፈልጎ አንድ ቀልድ ይተዋል። እንደ «ስኬሪ ሜሪ» ያለው ሥራ የሚያስቀው ፊቱን ኮስተር አድርጎ እስከ መጨረሻ ስለሚሄድ ነው። ጽሑፎቹም ያንኑ ይጠብቃሉ። ደም የሚንጠባጠብበት ፊደል አይሆንም፤ እውነተኛ የስቱዲዮ ትሬለሮች የሚጠቀሙት በሰፊው የተራራቀ ቀጭን ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ ነው። በአንድ ካርድ ከአራት ቃል አይበልጥም፣ ለማንበብ ከሚያስፈልገው 12 ፍሬም ጨምሮ ይቆያል።

ማረጋገጫው ፊልሙን ላላየ ሰው በስልክ፣ ያለ ማብራሪያ ማሳየት ነው። «ያስፈራል ወይ?» አይባልም። «ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ሞግዚቷ ልጆቹን ልትወስድ ነው የመጣችው ካለ ሠርቷል። ቤቱ ነው የተረገመው ካለ ሦስተኛው ክፍል ላይ የእሷ መምጣት ደክሟል ማለት ነው፤ ከ22 እስከ 40 ያለውን ማሳጠርና ፊቷ የሚታይበትን ሾት ማርዘም ይገባል። መሃል ላይ ከሳቀ የሳቀበት ፍሬም ይመዘገባል፤ እዚያ አካባቢ ወይ የታወቀ ዜማ ቅሪት ወይ ያመለጠ ፈገግታ ይገኛል።

መልቀቁ

የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 107 ፍትሐዊ አጠቃቀም የሚለውን አራት መመዘኛ ያስቀምጣል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1994 ፓሮዲ (አንድን ሥራ አስመስሎ የሚቀልድ ሥራ) በዚህ ሊሸፈን እንደሚችል ወስኗል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2010 ለንግድ ያልሆነ ቪዲዮ ሲባል ከዲቪዲ አጭር ክፍል መቆለፊያውን አልፎ መውሰድን ፈቅዷል። ይህ ሁሉ ፍርድ ቤት ከተደረሰ የሚነሳ መከላከያ ነው። የዩቲዩብ መለያ ሲስተም ፓሮዲ መሆኑን አይጠይቅም፤ ምስሉን ወይም ድምፁን ካወቀ ባለመብቱ በመረጠው መሠረት ያግደዋል፣ ገቢውን ወደ ባለመብቱ ያዞራል ወይም ዝም ብሎ ይከታተለዋል። ስለዚህ የሌላ ፊልም ሙዚቃ መጨመር ሁለተኛ ባለመብት መጋበዝ ነው። ከላይ እንደተባለው ከራሱ ከፊልሙ ድምፅ መገንባት፣ ወይም ፈቃድ ያለው ሙዚቃ መግዛት ይሻላል።

ክርክር ከተነሳ ባለመብቱ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። ለማስረዳት የሚጠቅመው ያ መጀመሪያ የተዘጋጀው የሾት መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ሾት ከየትኛው ታይምኮድ እንደመጣ፣ ስንት ፍሬም እንደወሰደና በዋናው ፊልም የነበረው ትርጉም በምን እንደተለወጠ በአንድ ዓምድ ይጨመርበትና ከፕሮጀክት ፋይሉ ጋር ይቀመጣል።